ያልተባለው አምስት ደቂቃ

ሚስተር ኮልቪን «አምስት» አላሉም። እኔ ይህን ልብ ያልኩት ግን ሰው ከታሰረ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ኅዳር 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ከቡራዩ በላይ ካለው ድንጋይ ካባ ዲናሚት ጠፋ። እኔ የካባው ጸሐፊ ነኝ። ታይፕ እመታለሁ፣ የእንግሊዙን መሐንዲስ የሚስተር ኮልቪንን ቃልም አስተረጉማለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ለልጆቼ ምሳ እየሠራሁ ሳለ ተጠራሁ። ዲናሚት ጠፋ ሲሉኝ በመጀመሪያ ልጆቼን ቆጠርኩ። ሦስቱም አሉ። ከዚያ ነው ነጠላዬን ያነሣሁት።

መርማሪው መቶ አለቃ ወንዳፍራሽ ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀምጠው ባለ ሣጥን ቅጽ ዘርግተዋል። ሚስተር ኮልቪን መስኮቱ ጋ ቆመው ፒፓቸውን ያጸዳሉ።

«የጠፋው ስንት ፍሬ ነው?»

ሚስተር ኮልቪንን ጠየቅኋቸው። «ኤ ካፕል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ምን አሉ?»

«ሁለት ያህል ነው ማለታቸው ነው።»

«ወይዘሮ ማሪቱ፣ ‹ያህል› ለሚባል ነገር ቅጹ ላይ ቦታ የለም። አለቆቼ ‹ያህል› ወይም ‹ገደማ› የሚል ካዩ ወረቀቱን ይመልሱታል። ባለፈው ወር ሦስት መልሰውብኛል። ቁጥር ይስጡኝ።»

«ሁለት።»

መቶ አለቃው 2 ብለው ጻፉ።

«መጋዘኑን ክፍት ትተው የሄዱት ለስንት ጊዜ ነው?»

ሚስተር ኮልቪን ለሰኞ ሥራ ሊያዘጋጁ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጋዘኑን እንደከፈቱ፣ ወጥ ቤታቸው ለምሳ ስለጠራቻቸው ዘበኛውን በሩ ላይ ትተው «ለኤ ፊው ሚኒትስ» ብቅ ብለው እንደተመለሱ ነገሩኝ።

«ጥቂት ደቂቃ» አልኩ።

መቶ አለቃው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ጥቂት ስንት ነው?»

ትንሿ ልጄ ሳል ነበረባት። ወጡን እሳት ላይ ትቼ ወጥቻለሁ፤ ቤቱ ሲቃጠል ከወዲሁ ይታየኛል። እኔ ጥቂት ደቂቃ ስል አምስት ማለቴ ነው።

«አምስት ይበሉት» አልኩ።

ጥያቄውን ወደ ሚስተር ኮልቪን አልመለስኩትም። መቶ አለቃው 5 ብለው ጻፉ፤ ቁጥሯም በሣጥኗ ውስጥ ልክ ለእሷ እንደተሠራላት ሆና ተቀመጠች።

* * *

ዘበኛው ኦቦ ዱቤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ከካባው በታች የሚያርሱ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

«በሩን ጥለህ ሄደሃል?» አሉ መቶ አለቃው።

«ሄጃለሁ ጌታዬ። አልዋሽም። ሚስተሩ ጠብቅ ብለውኝ ሄዱ። ጠበቅሁ። ጠበቅሁ፤ አልመጡም። ሚስቴ ገለቴ ምሳዬን ይዛ አጥሩ ሥር ቆማ ትጣራለች። በሩን ገርበብ አድርጌ ወረድኩ፣ በልቼ ተመለስኩ። ስመለስም አልመጡም ነበር።»

«ምን ያህል ጠበቅህ?»

ኦቦ ዱቤ እጃቸውን ወደ መጋዘኑ ዘረጉ። ከበሩ ፊት፣ ፍንዳታ ሲኖር ቀይ ባንዲራ የሚሰቀልበት ምሰሶ አለ። «ሚስተሩ ሲሄዱ የዚያ ምሰሶ ጥላ የደፉ ስንጥቅ ላይ ነበር። እኔ ስነሣ የውሃውን በርሜል ነክቷል።»

«እኔ የጠየቅሁት ደቂቃ ነው!»

«ደቂቃ የለኝም ጌታዬ። ያለኝ ጥላ ነው።»

«ስማ፤ ሚስተሩ የቀሩት አምስት ደቂቃ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጠብቀህ፣ ጠብቀህ፣ ወርደህ፣ በልተህ፣ ተመልሰህ፣ አሁንም አልመጡም? ምን ዓይነት ጉርሻ ነው የምትጎርሰው?»

አሥር አለቃው ሳቀ። ኦቦ ዱቤ አልሳቁም። እኔን አዩኝ። እኔ ወደ ታይፔ አቀረቀርኩ።

* * *

ከዚያ ካቦው ገብረየስ ገባ። ሠራተኛውን የሚያሰማራው እሱ ነው፤ ቤተሰቡ ሰበታ ነው፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ይሄዳል። ባለ ሙያ፣ ቁጥብ፣ እጀ ጠባቡን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ማሪቱ ዘንድ ደብዳቤ አስጽፍ ነበር።»

እውነት ነው። የሰበታ ቦታው ላይ ቤት ለመሥራት የተሰጠው ቀነ ገደብ እንዲራዘምለት ማመልከቻ እየመታሁለት ነበር። ሚስተር ኮልቪን በመስኮቱ ሲያልፉ ሁለታችንም አይተናል። እሳቸው ካለፉ በኋላ ማመልከቻውን እስክጨርስ ሩብ ሰዓት ያህል ከፊቴ ቆሞ ነበር።

«አምስቱ ደቂቃ እርስዎ ዘንድ አለፈ ማለት ነው» አሉኝ መቶ አለቃው።

«አዎ።»

ገብረየስ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር አለ። «መቶ አለቃ፣ ዱቤ ድሃ ነው። ለአራት ፍሬ ዲናሚት ሰው ይታሰራል?»

«ሁለት ነው» አሉ መቶ አለቃው፣ ቀና ሳይሉ።

«ሁለትም ይሁን አራት፤ ማለቴ...»

«ለግማሽም ይታሰራል። ዲናሚት እኮ ድንች አይደለም! ሂድ።»

ሲወጣ መቶ አለቃው እንደ ልማዳቸው የተባለውን ሁሉ በኪስ ደብተራቸው ጫሩ። እሳቸው ሰው ሲያስነጥስም የሚጽፉ ናቸው።

ኦቦ ዱቤን ሲወስዷቸው ገለቴ ባዶውን የምሳቸውን ዕቃ እንደያዘች መንገዱ ዳር ቆማ ነበር። መኪናው ላይ ሲያወጧቸው አልጮኸችም። ወደ እኔ መጣች።

«ማሪቱ፣ እሱ ጥላው በርሜሉን ነካ ካለ፣ ነክቷል። አርባ ዓመት በጥላ ነው የምንበላው። ምን አለ ያ ፈረንጅ?»

«አምስት ደቂቃ አለ።»

ዋሸሁ። ያኔ ግን ውሸት መሆኑን አላወቅሁም፤ ወይም ለማወቅ አልተቻኮልኩም።

መቶ አለቃው የላንድሮቨሩን በር ሲዘጉ ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ የዲናሚት ነገር የጣቢያ ጉዳይ አይደለም፤ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል። ያ መኪና የወሰደውን ሰው ስለመመለሱ የሰማሁት ነገር የለም። ዲናሚት ሰረቀ የተባለ ሰው «ለማን?» ነው የሚባለው፤ መልስ የሌለው ሰው ደግሞ እስኪገኝለት ይጠየቃል።

* * *

እሑድ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ከቡራዩ እስከ እንጦጦ ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን እየጠረገ በየደጁ ያቃጥላል። መንገዱ በጭስ ተሸፍኗል። በላንድሮቨሩ ውስጥ ሆኜ በየእሳቱ ዙሪያ የሚዘልሉትን ልጆች እያየሁ፣ ሌባው ፈርቶ ዲናሚቱን ጥራጊ ውስጥ ጥሎት ቢሆንስ እላለሁ። በእያንዳንዱ እሳት አጠገብ ስናልፍ ጆሮዬን ያዝኩ።

«ምነው?» አሉ መቶ አለቃው።

«ምንም።»

የምንሄደው ሱሉልታ ነው። ሚስተር ኮልቪን የድንጋይ መኪናው መጋዘኑ ክፍት በነበረበት ሰዓት፣ «በዚያው አካባቢ»፣ ከካባው እንደወጣ ተናግረው ነበር፤ ሾፌሩ ባጫ ደግሞ ከወንበሩ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ሲደብቅ አንድ ሠራተኛ አይቶታል። መቶ አለቃው የካባውን ዕቃ ለይቼ እንድነግራቸው ይዘውኝ ሄዱ።

ባጫን አባቱ ደጅ የሣር ክምር ሥር አገኘነው። ጆንያውን ሲጠየቅ ፊቱ አመድ መሰለ። መቶ አለቃው ራሳቸው ፈቱት። እኔ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ቆይቼ አምስት ጨመርኩ።

ከጆንያው የወጣው ያለቀ የመብሻ ብረት ነው። ለአባቱ ማረሻ ሊያስቀጠቅጥ ከውዳቂው ክምር ያነሣው።

«ለዚህ ነው የተንቀጠቀጥከው?» አሉ መቶ አለቃው።

«ጌታዬ፣ መኪና ሙሉ ፖሊስ ሲመጣ ለመርፌም ይንቀጠቀጣል።»

«ከካባው ስንት ሰዓት ወጣህ? ገደማ ብትል እገርፍሃለሁ።»

ባጫ ከኪሱ የኬላ ወረቀት አወጣ። ማኅተሙ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ይላል። ከቡራዩ እስከዚያ ኬላ ድንጋይ ጭኖ አርባ ደቂቃ ነው። ሚስተር ኮልቪን መጋዘኑን ሲከፍቱ ባጫ መርካቶን እያለፈ ነበር።

መቶ አለቃው ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና መለሱለት። «‹በዚያው አካባቢ› አሉ ሰውየው። በዚያው አካባቢ! ግማሽ ቀን ቤንዚን ጨረስኩ። ይሄ ፈረንጅ የእጅ ሰዓት ያሰረው ለጌጥ ነው?»

«እንግዲህ ሰውየው ዱቤ ነው» አሉ ስንመለስ፣ ጭሱ ውስጥ እንደገባን። ደስ ያላቸው አይመስሉም።

* * *

ሰኞ ጠዋት ሚስተር ኮልቪን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ሊያጽፉኝ ጠሩኝ። ወረቀቱን አስገብቼ እንደተቀመጥኩ ጣታቸውን አነሡ፤ «ኤ ፊው ሚኒትስ» ብለው ወጡ።

ሰዓቱ ከበላዬ ነው። ሁለት ተኩል።

ተቀመጥኩ። ጣቴን ቆጠርኩ። መስኮቱ ላይ ያለችውን ዝንብ አየሁ። በሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት በሩን አየሁ፤ የለም። በሁለት ሰዓት ከሃምሳ ተነሥቼ በመስኮቱ አየሁ፤ ከድንጋይ ወፍጮው አጠገብ ቆመው ከመካኒኩ ጋር ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ሦስት ሰዓት ከስምንት ላይ ገብተው፣ «ዝግጁ ነሽ?» አሉኝ፤ ልክ ሽንት ቤት ደርሰው እንደተመለሱ ሰው።

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ።

ወረቀቱን ከታይፑ ነቅዬ፣ ልጄ ታማለች ብዬ፣ ወደ ጣቢያው በእግሬ ሮጥኩ። እግዚአብሔር ያቺን ውሸት እንዳይሰማት እስከ ጣቢያው ድረስ ለመንኩት።

መቶ አለቃው የኦቦ ዱቤን የማስተላለፊያ ወረቀት እየፈረሙ ነበር።

«አምስት አላሉም» አልኳቸው።

«ማን?»

«ሚስተር ኮልቪን። ጥቂት ነው ያሉት። አምስት ያልኩት እኔ ነኝ። ቁጥር ይስጡኝ አሉኝ፤ ሰጠሁ።»

«ወይዘሮ ማሪቱ፣ ይህ የተፈረመ ቃል ነው። በዚያ ቁጥር ነፃ የወጣ ሰው አለ። አንድ ሰው በዚያ ቁጥር ታስሯል። አሁን ቁጥሩ ከእርስዎ ጓዳ ነው የመጣው እያሉኝ ነው?»

«አዎ።»

«ለምን መልሰው አልጠየቋቸውም?»

«ወጥ ጥጄ ነበር።»

ቅጹን አጣጥፈው በጡጫቸው መቱት። «አለቆቼ ቁጥር ይላሉ! ፈረንጁ ጥቂት ይላል! ሽማግሌው ጥላ ይላል! እኔ ከማን ጋር ነው የምመረምረው?» ከዚያ ድንገት ቆሙ። «ጥላ።» ሰዓታቸውን አዩ። «ስንት ቀን ሆነው? ሁለት። በሁለት ቀን ፀሐይ መንገድ አትለውጥም። ይነሡ።»

* * *

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጋዘኑ በር ፊት ቆምን። መቶ አለቃው ሰዓታቸውን ፈትተው እጃቸው ላይ ያዙ። የምሰሶው ጥላ ደፉ ላይ ወዳለው ስንጥቅ ተጠጋ፤ ነካው።

ቆምን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ጥላው ከስንጥቁ አንድ ጣት እንኳ ያለፈ አይመስልም።

«አምስትዎ አለቀ» አሉኝ።

ከጥላው ዓይኔን አላነሣሁም።

ጥላው በርሜሉን ሲነካ አርባ ሁለት ደቂቃ ሆኖታል። ከዚያ መቶ አለቃው ራሳቸው እስከ አጥሩ ወርደው፣ አንድ ሰው ምሳ የሚበላበትን ያህል ቆመው፣ ተመለሱ። ሃምሳ አራት።

«አሁን ሰውዎን እንጠይቅ። ያልኩትን ብቻ ነው የሚሉት፤ ያሉትን ብቻ ነው የሚነግሩኝ።»

መጀመሪያ ያገኘነው ግን ወጥ ቤቷን ሙሉዬን ነው። የሚስተሩ ቤት በረንዳ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ቅዳሜ? ሾርባ በሉ። ሥጋ በሉ። ያቺን የምትንቀጠቀጥ ጣፋጭ በሉ። ከዚያ ሬዲዮ ከፈቱ። ከዚያ አንኮራፉ።»

«አንኮራፉ?»

«እንዴ! ጋዜጣው አፋቸው ላይ ይነሣል፣ ይወድቃል። ሰሃኑን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ደርድሬ ስጨርስ ነው በርግገው የተነሡት። ምነው፣ ማንኮራፋት ይከለከላል?»

ሚስተር ኮልቪን ጥያቄውን ሲሰሙ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። አሰቡ። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ትንሽ ቢጎድል ነው አሉ።

«ታዲያ ለምን ጥቂት ደቂቃ አሉ በይልኝ... በሉልኝ» አሉ መቶ አለቃው፤ አክብሮቱ እየተምታታባቸው።

አስተረጎምኩ። ሰውየው ከልባቸው ተገረሙ። እኔን እያዩ፣ አንድም ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ የተረጎምኩትን መለሱ፤

«ስንት ደቂቃ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

መቶ አለቃው ወደ እኔ አላዩም። ስላላዩኝ አመሰገንኳቸው።

«የጠፋውን ዲናሚት ቆጥረዋል?»

አልቆጠሩም። ሣጥኑ ጎድሎ አዩ፤ ኤ ካፕል አሉ። እንደሳቸው አባባል ይህ ሁለት ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ብዙ አለመሆኑ ነው። መቶ አለቃው በእጃቸው ወደ መጋዘኑ አመለከቱ። ሄደን አብረን ቆጠርን። በመዝገቡ ሃያ መኖር አለበት። ያለው አሥራ ስድስት ነው።

«አራት» አሉ ሚስተር ኮልቪን።

ያቺ ቃል በሌላ ሰው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ደወለች። ቀና ስል መቶ አለቃው የኪስ ደብተራቸውን እያገላበጡ ነው። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«‹ለአራት ፍሬ ዲናሚት ሰው ይታሰራል?›» ብለው አነበቡ። «ቅዳሜ ዕለት ሁላችንም ሁለት ነበር የምናውቀው። ባለቤቱ እንኳ አራት መሆኑን ያወቀው አሁን ነው።»

«ገብረየስ እኔ ዘንድ የቆየው ሩብ ሰዓት ነው» አልኩ። «ከዚያ ወጣ። ሚስተር ኮልቪን ቁልፍ ሳይዙ ሲያልፉ አብሮኝ በመስኮቱ አይቷል። ቀሪውን ሁሉ ጊዜ... የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ የት ነው?»

«አልገባም። ፈቃድ ወስዷል። ሰበታ ቤት እየሠራ ነው።» ከዚያ ማመልከቻውን በቃሌ አስታወስኩት፤ ራሴ የመታሁትን። በቦታዬ መካከል ያለው ጥቁር አለት መሠረት ለማውጣት ስላላስቻለኝ... «መቶ አለቃ፣ ቦታው ላይ አለት አለ። ሦስት ልጆች አሉት።»

ሰዓቱ ሰባት ከአርባ ነበር።

* * *

በመርካቶ ዞረን፣ በጅማ መንገድ ወርደን፣ ሰበታ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። መንገዱን ሁሉ በሐሳቤ ያየሁትን አልናገርም። ፍርስራሽ አይቻለሁ፣ ጫማ አይቻለሁ። አሥር አለቃው ሾፌሩን ቀስ በል ሲለው በመጥፎ ዓይን አየሁት።

ቦታው ከገበያው ጀርባ ነው። ከሩቅ መዶሻ ይሰማል። ገብረየስ እጀ ጠባቡን አውልቆ፣ አንድ ጎጆ የሚያህል ጥቁር አለት ላይ ተንበርክኮ በመሮ ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳዎቹ አራት ናቸው። ሦስቱ አልቀዋል። ልጆቹ አለቱ ላይ እንደ ወፍ ተደርድረው ያያሉ።

እኛን ሲያይ መዶሻውን አልጣለም። ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ልጆቹን አውርድ» አልኩት፤ ከመቶ አለቃው ቀድሜ።

አወረዳቸው። ከዚያ ሳይጠየቅ ወደ ጭቃ ቤቱ ገባ፤ ተከተልነው። ጣሪያው አግዳሚ ላይ፣ በትክክል ከልጆቹ መኝታ በላይ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በገመድ ተንጠልጥሏል። መቶ አለቃው ራሳቸው አወረዱት፣ ከፈቱት፣ ጮክ ብለው ቆጠሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

«ለምን?» አሉት።

ገብረየስ የመለሰው ለእኔ ነው።

«ግንቦት ላይ ሚስተሩን ‹ለአለቴ ትንሽ ዲናሚት ይፈቀድልኝ፣ ከፈለጉ ራስዎ ያፈንዱልኝ› ብዬ ለመንኳቸው። ምን አሉ ብለሽኝ ነበር?»

«በቅርቡ።»

«ሐምሌስ?»

«በቅርቡ።»

«ከመስቀል በኋላስ?»

«ሱን» ነው ያሉት ሦስቱንም ጊዜ፤ እኔም ሦስቱንም ጊዜ ከአፋቸው ተቀብዬ እንደ ቃል ኪዳን ሰጥቼዋለሁ። መቼ ብዬ አልጠየቅሁለትም።

«ማዘጋጃ ቤቱ ግን በቅርቡ አላለኝም፣ ማሪቱ። ኅዳር ሠላሳ ነው ያለኝ። መሠረት ካልወጣ ቦታውን ለሌላ ይሰጠዋል። ስምንት ዓመት የጠበቅሁትን ቦታ።»

«ዱቤ በአንተ ፈንታ ታስሮ አንተ ቤት ትሠራለህ?» አሉ መቶ አለቃው።

«ልናገር ነበር! አለቱን ካፈነዳሁ በኋላ ራሴ መጥቼ ልናገር ነበር።»

«መቼ?»

«ጥቂት ቀን ቆይቼ...»

«ጥቂት!» መቶ አለቃው የጮኹት ድምፅ ደጅ ያሉትን ዶሮዎች በተናቸው። «ጥቂት የሚል ቃል ከዛሬ ጀምሮ የሰማሁት ሰው ላይ ክስ እመሠርታለሁ! ሰውየውን ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ይወስዱታል! ዛሬ!»

ገብረየስ መኝታው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ዛሬ መሆኑን አላወቀም ነበር። ፊቱን አየሁ፤ እውነት አላወቀም። እጁን ራሱ ዘረጋ።

ትንሿ ልጁ በሩ ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ አለቱ መቼ ነው የሚፈነዳው?» አለችው።

መቶ አለቃው ቆርቆሮውን ይዘው ቀድመው ወጡ።

* * *

አሥራ አንድ ሰዓት ያሉት ሰዎች አሥር ተኩል ላይ ደርሰዋል። ጣቢያው ደጅ ስንገባ መኪናቸው ሞተሩን አስነሥቷል፤ ኦቦ ዱቤ ከኋላ፣ በሁለት ሰው መካከል፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ገለቴ ከመንኮራኩሩ ፊት መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ተነሽ ሲሏት አልሰማችም፤ ወይም ሰምታለች።

መቶ አለቃው ከመቆማችን በፊት ወረዱ። ከዚያ የሆነው የወረቀት ጦርነት ነው። የመጣው ሻምበል የተፈረመ ማስተላለፊያ አለኝ ይላል፤ መቶ አለቃው የተያዘ ሰውና አራት ፍሬ አለኝ ይላሉ። ሻምበሉ ቅጹ ላይ ሁለት ነው የሚለው፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚለው አለ።

«ቅጹ ስሕተት ነው።»

«ማን ተሳሳተ?»

እኔ አፌን ልከፍት ስል፣ መቶ አለቃው «እኔ» አሉ። «ጥያቄው ለሰውየው መድረሱን ሳላረጋግጥ ጻፍኩ።»

ሻምበሉ አራቱን ፍሬ አየ፣ ገብረየስን አየ፣ በመጨረሻ ሰዓቱን አየ። ይዘውት የሚሄዱት ሰው እስካለ ድረስ ማንነቱ ያን ያህል የሚያስጨንቀው አይመስልም። መቶ አለቃው ግን ገብረየስንም አልሰጡም፤ «የቤት ጉዳይ ነው፣ የአለት ጉዳይ ነው፣ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ እኔው ጽፌ እልከዋለሁ» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። እንዴት እንደተስማሙ አላውቅም። መኪናው ባዶውን ሄደ።

ኦቦ ዱቤ ሲወርዱ መቶ አለቃው ክንዳቸውን ያዙላቸው። «ጥላዎ አርባ ሁለት ደቂቃ ነበር፣ ኦቦ» አሉ። «ከመጋዘኑ እስከ አጥሩ ወርዶ፣ በልቶ ለመመለስ አሥራ ሁለት። ልክ ነበሩ።»

«እኔማ አውቃለሁ» አሉ ኦቦ ዱቤ።

ገለቴ አቧራዋን አራገፈች። እኔን አየችኝ፤ የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። «ልጆችሽ ብቻቸውን ናቸው እኮ» አለችኝ ብቻ።

* * *

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አራቱን ፍሬ ወደ መጋዘኑ መለስን። ሚስተር ኮልቪን ባርኔጣቸውን አውልቀው ኦቦ ዱቤ ፊት ቆሙ። ይቅርታ ጠየቁ፤ ተረጎምኩ። ከዚያ ሣጥኑን አይተው ተሟልቷል ለማለት እጃቸውን ወዘወዙ፤ «ሞር ኦር ሌስ» አሉ።

«ምን አሉ?» አሉ ኦቦ ዱቤ።

«ሞልቷል፣ ቢጎድልም ቢተርፍም ትንሽ ነው አሉ።»

ኦቦ ዱቤ ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከኩ። «ንገሪያቸው፤ እኔ ትንሽ የሚተርፍበት በር አልጠብቅም።» በጣታቸው እየነኩ በራሳቸው ቋንቋ ቆጠሩ፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር... ሃያ ሲሞላ ተነሡ። ሚስተር ኮልቪንም አብረው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጥረዋል።

ሰውየው ቁልፉን ለኦቦ ዱቤ ሰጡና፣ ነገ ማልደው መጥተው እንደሚያስከፍቱ ነገሩኝ። አፌን ከፈትኩ፤ «ነገ በማለዳ» ልል ነበር። ዘጋሁት።

«ስንት ሰዓት ላይ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው።

ቅንድባቸው ወደላይ ሄደ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰዓቱ መልሱን እንደሚያውቅ ሁሉ። ከዚያ ቁጥር ተናገሩ። ደግሜ ጠየቅኋቸው፤ ያንኑ ቁጥር ደገሙ።

«ነገ ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ላይ አሉ፣ ኦቦ። እሳቸው ናቸው ያሉት፤ እኔ አይደለሁም።»

ኦቦ ዱቤ ወደ ምሰሶው አዩ። ጥላው የለም፤ ፀሐይዋ ባሕር ዛፉ ጀርባ ገብታለች። በሩን ገፉት፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞሩት፤ በሩን በትከሻቸው ሞከሩት። አልተንቀሳቀሰም።